ያልያዝኩት መስኮት በትክክል አይደበዝዝም፤ ፕለጊኑን ልቀይር?

ጥያቄ፦ «ኒዮቪም በሚባለው የኮድ መጻፊያ ኤዲተር ላይ ስክሪኑን ሁለት ሦስት ቦታ ከፍዬ ነው የምሠራው። ያልያዝኩት መስኮት ደብዘዝ እንዲልልኝ አንድ ፕለጊን (ኤዲተሩ ላይ የሚጨመር ማስፋፊያ) ጫንኩ። መጀመሪያ ቆንጆ ሠራ። የቀለሙን ቲም ስቀይር ግን ጠፋ። ዘግቼ ስከፍተው ተመለሰ፤ ግን ጀርባው ብቻ ነው የሚጠቁረው፣ ኮዱ እንዳለ ያበራል። የመስመር ቁጥሩ ያለበት ጠርዝማ ጭራሽ አይነካም። ተርሚናሉን በየክፍሉ በሚከፍለው ቲመክስ ውስጥ ስከፍተው ደግሞ ልዩነቱ አይታየኝም፤ ወደ ጎረቤት ፔን (የቲመክስ ክፍል) ስሻገርም ኤዲተሩ ምንም አይመስለው። ይባስ ብሎ አንዳንዴ የያዝኩት መስኮት ራሱ ደብዝዞ ይቀራል። ፕለጊኑ ተበላሽቷል? በሌላ ልተካው?»

አትተካው። ሌላ ብትጭንም ብዙ ሳትቆይ ይህንኑ ጥያቄ ይዘህ ትመለሳለህ። የዘረዘርከው አንድ ብልሽት አይደለም። ስድስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ከስድስቱ በፕለጊኑ ሊሳበብ የሚችለው ቢበዛ ሁለቱ ነው። የቀረው የቲሙ፣ የተርሚናሉና የቲመክስ ጣጣ ነው። እንዲያውም ወደ መጨረሻው የምመክርህ ፕለጊኑን ጨርሰህ እንድታወጣው ነው። ግን ምክንያቱን ሳታውቅ ብታወጣው ችግሩ ተከትሎህ ይመጣል። ትእዛዞቹንና ስሞቹን እዚህ የጻፍኳቸው በፊደላችን ነው፤ አንተ ስትተይባቸው በላቲን መሆኑን አትርሳ።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናስተካክል። «ይደበዝዛል» ሲባል ብዙ ሰው የዚያን መስኮት ብርሃን የሚቀንስ ነገር ያለ ይመስለዋል። የለም። ተርሚናሉ የኤዲተርህን መስኮቶች ጨርሶ አያውቃቸውም። እሱ የሚያውቀው ካሬዎችን ነው። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ፊደል፣ አንድ የፊደል ቀለምና አንድ የጀርባ ቀለም ይይዛል፤ በቃ። ማደብዘዝ ማለት እነዚህን ቀለሞች በሌላ፣ ጠቆር ባሉ ቀለሞች መተካት ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ አልደበዘዘም ስትል መጠየቅ ያለብህ «ያንን ካሬ መጨረሻ ላይ የቀባው ማነው?» ብለህ ነው። የስድስቱም ምልክቶች መልስ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ኒዮቪም ለሚቀባው ነገር ሁሉ ስም አለው። ተራው ጽሑፍ ኖርማል ይባላል። የመስመር ቁጥሩ ላይን-ኤንአር፣ ምልክቶች የሚቀመጡበት ጠርዝ ሳይን-ኮለም፣ ከፋይሉ መጨረሻ በታች ያለው ባዶ ቦታ ኤንድ-ኦፍ-በፈር ይባላል። ስትሪንጉም፣ ኮሜንቱም፣ ፈንክሽኑም የየራሳቸው ስም አላቸው። ሃይላይት ግሩፕ ይሏቸዋል፤ እኔ በአጭሩ ግሩፕ እላቸዋለሁ። ለየትኛው ግሩፕ ምን ቀለም እንደሚሰጥ የሚወስነው ቲሙ ነው። ከሁሉም ለአንተ ጉዳይ ቁልፉ ኖርማል-ኤንሲ የሚባለው ግሩፕ ነው። ከርሰሩ የሌለበት መስኮት ሁሉ በኖርማል ፋንታ በእሱ ይቀባል። ቲሙ ስለ እሱ ምንም ካላለ ኖርማልን ይመስላል፤ ልዩነትም አይታይም።

አሁን ወደ ምልክቶችህ። ጀርባው ጠቁሮ ኮዱ ማብራቱ ብልሽት አይደለም። በኖርማል-ኤንሲ የሚሠራ ማንኛውም ነገር የሚሰጥህ ውጤት ይኸው ነው። ኖርማል-ኤንሲ የሚደርሰው ሌላ ግሩፕ ያልያዘው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ስትሪንጉ የራሱ የፊደል ቀለም አለው፤ ስለዚህ እንደ ቀድሞው ያበራል። ጀርባውን ግን አብዛኞቹ ግሩፖች ባዶ ይተዉታል። ባዶ ከሆነ የኖርማል-ኤንሲ ጀርባ ዘልቆ ይታያል። ጀርባው ጠቁሮ ፊደሉ የቀረው ለዚህ ነው።

ፊደሉም ይደብዝዝ ካልክ ለዚያ መስኮት ብቻ የሚሠራ ሙሉ የቀለም ዝርዝር ያስፈልጋል። ኒዮቪም ለአንድ መስኮት የራሱን የቀለም ዝርዝር መስጠት የፈቀደው በ2022 በወጣው 0.8 ቨርዥን ነው። ቲንት የሚባለው ፕለጊን የሚሠራው በዚህ ነው። የቲሙን ግሩፖች አንድ በአንድ ይገለብጣል፣ ቅጂውን ያጠቁረዋል፣ ከዚያ ያልተያዘው መስኮት ላይ ይለጥፈዋል። ሼድ የሚባለው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ከመስኮቱ በላይ ሌላ ከፊል ግልጽ መስኮት ያነጥፋል። ሐሳቡ ብልጥ ነው፤ ግን ሌሎች ብቅ ባይ መስኮቶች ሲመጡ ማን ከማን በላይ ይሁን የሚል ጠብ ይፈጠራል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ በአፕት (በሲስተሙ የፕሮግራም መጫኛ) ኒዮቪም ብትጭን የሚመጣልህ 0.6.1 ነው። ዴቢያን 12 ላይ 0.7.2 ነው። ሁለቱም ከ0.8 በታች ናቸው። ቲንትን የመሰለ ፕለጊን እነሱ ላይ ሊሠራ አይችልም፤ የቱንም ያህል ኮንፊጉን (የማስተካከያ ፋይሉን) ብታገላብጠው። መጀመሪያ ቨርዥንህን እይ። ከ0.8 በታች ከሆነ ስለ ፊደል መደብዘዝ ማሰብ ትተህ ኤዲተሩን አፕዴት አድርግ።

ቨርዥንህ አዲስ ሆኖም አንዳንድ ቃላት ብቻ የሚያበሩ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። የፕሮግራም ቋንቋው ሰርቨር (ኮዱን ለኤዲተሩ የሚተነትነው ፕሮግራም) ዘግይቶ ሲነሳ አዳዲስ ግሩፖች ይዞ ይመጣል። ፕለጊኑ ቅጂውን የሠራው ቀደም ብሎ ከሆነ እነዚህ ቅጂው ውስጥ የሉም። ቅጂ ውስጥ የሌለ ግሩፕ የቲሙን ዋና ቀለም ይወስዳል። ከርሰሩን የሚያበራው ቃል ላይ አድርገህ «ኢንስፔክት» የሚለውን ትእዛዝ ስጥ፤ ከ0.9 ጀምሮ አለ። የቃሉን ግሩፖች ይነግርሃል። ስማቸው ኤልኤስፒ በሚል የሚጀምር ከሆነ ጉዳዩ ይኸው ነው። የፕለጊኑን ማደሻ ትእዛዝ አንዴ ስትጠራው ይስተካከላል።

ቲም ስትቀይር መደብዘዙ የጠፋው በቀላል ምክንያት ነው። ቲም ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ ገና ከመነሻው ያለውን ቀለም ሁሉ ያጸዳል። አንተም ሆንክ ፕለጊኑ ከዚያ በፊት ያስቀመጣችሁት አብሮ ይጠፋል። ቲሙ ተጭኖ ሲያበቃ ኒዮቪም «ከለርስኪም» የሚባል ክስተት ያስተጋባል። ጠንቃቃ ፕለጊን ይህን ክስተት ይጠብቅና ቀለሙን እንደገና ያስቀምጣል። የማይጠብቀው ዝም ይላል። አንተም በእጅህ ስትጽፈው ቀለሙን ኮንፊግ ውስጥ እንዲሁ አስቀምጠህ ከሥሩ ቲሙን ከጠራህ ቲሙ ያጠፋብሃል። ቀለሙ መቀመጥ ያለበት በዚህ ክስተት ላይ በተንጠለጠለ አውቶኮማንድ (ክስተቱ ሲመጣ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ውስጥ ነው። አውቶኮማንዱ ራሱ ደግሞ ቲሙን ከምትጠራበት መስመር በላይ ይጻፍ። በታች ከሆነ የመጀመሪያው ክስተት ያመልጠዋል። ቲም ቀይሬ አላውቅም የሚል ሰውም ይህ ሊገጥመው ይችላል፤ «ባክግራውንድ» የሚለው ኦፕሽን ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲቀየር ቲሙ በራሱ እንደገና ይጫናል።

ጠርዙ አጭር ጉዳይ ነው። ቲምህ ለላይን-ኤንአር፣ ለሳይን-ኮለም ወይም ለፎልድ-ኮለም (የታጠፈ ኮድ ምልክት የሚታይበት ጠርዝ) የራሳቸውን ጀርባ ሰጥቷቸዋል። ጀርባ ያለው ግሩፕ የኖርማል-ኤንሲን ጀርባ አያሳልፍም። የሦስቱንም ጀርባ «ነን» (ባዶ) አድርገው፤ ከዚያ ከመስኮቱ ጋር አብረው ይጠቁራሉ። ከርሰር-ላይን የሚባለውን የከርሰሩን መስመር ማድመቂያ የምትጠቀም ከሆነ ያልተያዘው መስኮት ውስጥም አንድ የደመቀ መስመር ይቀራል። እሱን ከመስኮት ስትወጣ የሚያጠፋ፣ ስትገባ የሚያበራ አውቶኮማንድ ጻፍለት።

የፋይል ዝርዝር የሚያሳዩት የጎን መስኮቶች ግን ለየት ይላሉ። ኒዮ-ትሪና ኤንቪም-ትሪ «ዊንሃይላይት» በሚባለው ኦፕሽን አማካይነት በእነሱ መስኮት ውስጥ ኖርማልንም ኖርማል-ኤንሲንም በራሳቸው ግሩፕ ይተካሉ። የአንተ ኖርማል-ኤንሲ እነሱ ጋ አይደርስም። እንዲደርስ ከፈለግክ የእነሱን ግሩፕ ለይተህ መቀባት አለብህ። እኔ ብሆን አልነካውም። ፋይል ዝርዝር ላይ መሆንህንና አለመሆንህን ለማወቅ ቀለም አያስፈልግህም።

ቲመክስ ውስጥ ልዩነቱ አይታየኝም ያልከው ከሁሉም የሚገርመኝ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በትክክል ሠርቶ ውጤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ቶኪዮናይት የሚባለውን ቲም እንውሰድ፤ «ናይት» የተባለውን ዓይነት። ዋናው ጀርባ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ሲነገር 26፣ 27፣ 38 ነው። ያልተያዘ መስኮት እንዲደበዝዝ ስታዘው የሚጠቀምበት ጀርባ 22፣ 22፣ 30 ነው። ልዩነቱ ከ4 እስከ 8 ነው፤ ያውም ከ255። ሙሉ ቀለም የሚችል ተርሚናል 16.7 ሚሊዮን ገደማ ቀለም ስለሚለይ ሁለቱን ለየብቻ ያሳያቸዋል።

ቲመክስ ግን ከውጭ ያለው ተርሚናል ሙሉ ቀለም መቻሉን ካልተነገረው ሁሉንም ወደ 256 ቀለም ያጠጋጋል። ከ256ቱ 16ቱ መሠረታዊ ናቸው፣ 216ቱ የቀለም ኩብ ናቸው፣ 24ቱ ግራጫ ናቸው። ኩቡ ላይ ከ0 ቀጥሎ ያለው እርከን 95 ነው፤ በመሃል ምንም የለም። ስለዚህ ጠቆር ያሉ ጀርባዎች የሚሄዱት ወደ ግራጫዎቹ ነው። ግራጫዎቹ ከ8 ይነሱና በ10 በ10 ይወጣሉ፤ 8፣ 18፣ 28 እያሉ። 26፣ 27፣ 38 ሲጠጋጋ ቁጥር 234 ላይ ያርፋል፤ እሱም ሦስቱም 28 የሆነው ግራጫ ነው። 22፣ 22፣ 30ስ? እሱም እዚያው 234 ላይ ነው የሚያርፈው። ኤዲተሩ ሁለት ቀለም ላከ፤ አንተ ጋ የደረሰው አንድ ነው። ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው ፕለጊን መቀያየር የሚጀምረው።

መፍትሔው ሁለት ቦታ ነው። ኒዮቪም ውስጥ «ተርምጉይከለርስ» የሚለው ኦፕሽን መብራቱን እይ። በ2024 ከወጣው 0.10 ጀምሮ ተርሚናሉ የሚችል ከሆነ ራሱ ያበራዋል፤ ከዚያ በፊት በሆነው ላይ አንተ ነህ የምታበራው። ከዚያ የቲመክስ ኮንፊግ ውስጥ «ዲፎልት-ተርሚናል» ላይ ቲመክስ-256ከለር የሚለውን ስጥ፤ «ተርሚናል-ፊቸርስ» ላይ ደግሞ ለምትጠቀምበት ተርሚናል አርጂቢ (ሙሉ ቀለም ማለት ነው) የሚለውን ጨምር። ኮንፊጉን እንደገና ማንበብ ብቻ ላይበቃ ይችላል። የቲመክስ ሰርቨሩን ጨርሰህ ዘግተህ ክፈተው። ስትዘጋው ክፍት ሴሽኖችህ ሁሉ አብረው እንደሚሄዱ አስብ፤ የሚሮጥ ሥራ ካለህ መጀመሪያ ይለቅ።

ቀለሙ ተስተካክሎም ልዩነቱ ካልታየህ ስክሪንህን ጠርጥር። ርካሽ የላፕቶፕ ስክሪን ላይ 26 እና 22 አንድ ናቸው። ያኔ ልዩነቱን ራስህ አስፋው።

ወደ ሌላ ፔን ስትሻገር ኤዲተሩ ለምን አይሰማውም? ኤዲተሩ ስለ ቲመክስ ፔን የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ነው። ለእሱ ከርሰሩ ያለበት መስኮት አሁንም የተያዘ ነው፤ ኖርማል-ኤንሲም አይመለከተውም። ፎከስ መሄዱን፣ ማለትም አንተ ወደ ሌላ ቦታ መሻገርህን፣ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ነጋሪው ተርሚናሉ ነው፤ በመሃል ግን ቲመክስ አለ። ቲመክስ ላይ «ፎከስ-ኢቨንትስ» የሚለውን ኦን አድርገው። ከዚያ ከሴሽኑ ዲታች ብለህ (ሳትዘጋው ወጥተህ) እንደገና ግባ፤ ካልወጣህ ለውጡ አንተን አይነካህም። ይህን አንዲት እርምጃ ዘሎ «አልሠራም» የሚል ሰው ቁጥር የለውም። መድረሱን ለማረጋገጥ ኒዮቪም ውስጥ «ፎከስ-ሎስት» በሚለው ክስተት ላይ አንድ መልእክት የሚመዘግብ አውቶኮማንድ አስገባ። ወደ ሌላ ፔን ሂድና ተመለስ፤ «ሜሴጅስ» ብለህ እይ። መልእክቱ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ከዚያ ፎከስ ሲሄድ ኖርማልን የሚያጠቁር፣ ሲመለስ ወደነበረበት የሚመልስ ጥንድ አውቶኮማንድ ይበቃሃል።

ቲመክስ ራሱ ያልተያዘ ፔን ማጥቆር ይችላል። «ዊንዶ-ስታይል» እና «ዊንዶ-አክቲቭ-ስታይል» የሚባሉ ኦፕሽኖች አሉት። ብዙ ሰው እነዚህን ያበራና ኤዲተሩ ያለበት ፔን አልጠቆረም ብሎ ይደነቃል። እነዚህ ኦፕሽኖች የሚቀቡት ፕሮግራሙ ባዶ የተወውን ጀርባ ብቻ ነው። ኒዮቪም ደግሞ ኖርማል ጀርባ ካለው ፔኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀብቶታል። በተቀባ ግድግዳ ጀርባ መብራት እንደማብራት ነው። ወይ የኖርማልን ጀርባ «ነን» አድርገህ ሥራውን ለቲመክስ ትተዋለህ፣ ወይ ከላይ ባልኩህ የፎከስ መንገድ ትሄዳለህ። ሁለቱን አትቀላቅል። በተለይ ጀርባውን ግልጽ ያደረገ ሰው ቲንትን በመሰለ ፕለጊን ጀርባ አደበዝዛለሁ ካለ ከባዶ ላይ ቀንስ እያለ ነው። ፕለጊኑ የሚያጠቁረው ቁጥር የለውም።

የያዝከው መስኮት ራሱ ደብዝዞ የሚቀረው፣ ይኸኛውን ፕለጊኑ ላይ ብታላክክ አልቃወምህም። ዊንሃይላይትን እያበሩና እያጠፉ የሚሠሩት ላይ የሚታይ ነው። ዊንሃይላይት የመስኮት ኦፕሽን ነው። መስኮት ለሁለት ስትከፍል አዲሱ የአሮጌውን ኦፕሽን ይወርሳል። አሮጌው በዚያች ቅጽበት ደብዝዞ ከነበረ አዲሱም ደብዝዞ ይወለዳል። ሌላም አለ። «ዊን-ኤንተር» የሚባለው ክስተት ኤዲተሩ ሲነሳ ለመጀመሪያው መስኮት አይተኮስም። በእሱ ብቻ የሚተማመን ፕለጊን የመጀመሪያዋን መስኮት ይረሳታል። ቴሌስኮፕን የመሰለ መፈለጊያ ስትከፍት ከኋላ ያለው ኮድ መደብዘዙ ግን ስህተት አይደለም። ከርሰሩ በእርግጥ ወደ መፈለጊያው ሄዷል። ተጣብቆ የቀረ መስኮት ሲያጋጥምህ እዚያው ሆነህ «ቨርቦዝ ሴት ዊንሃይላይት» ብለህ ከመጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ጨምር። አሁን ያለውን ዋጋና ማን እንዳስቀመጠው ይነግርሃል።

አንድ የማልወደው ልማድ አለ። ሰው ማደብዘዙ መሥራት አለመሥራቱን የሚሞክረው በዚያው በደብዛዛው ቀለም ነው። ሳይታየው ሲቀር አልሠራም ይላል። ስትሞክር ቀይ ተጠቀም። ኒዮቪምን «ክሊን» በሚለው መነሻ ክፈተው፤ ያለ ኮንፊግና ያለ ፕለጊን ይነሳል። ስክሪኑን ለሁለት ክፈል። የኖርማል-ኤንሲን ጀርባ ደማቅ ቀይ አድርገው። አንዱ መስኮት ቀይ ከሆነ ኤዲተሩም ተርሚናሉም ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ ኮንፊግህ ውስጥ ነው። ካልሆነ ቲሙን ብትቀይርም ዋጋ የለውም፤ ቨርዥኑንና ተርሚናሉን ነው ማየት ያለብህ። ከዚያ በራስህ ኮንፊግ ክፈተውና «ቨርቦዝ ሃይላይት ኖርማል-ኤንሲ» በል። ቀለሙን መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ፋይል ይወጣል። ከሉዋ (የኒዮቪም ኮንፊግ ከሚጻፍበት ቋንቋ) የመጣ ነው ብሎ ብቻ ካለፈህ ኒዮቪምን «ቪ1» በሚለው መነሻ ክፈተው፤ ፋይሉንና መስመሩን ይነግርሃል። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልክ፣ ፕለጊኑን አውጣው። መጀመሪያ የቲምህን ሴቲንግ እይ። ቶኪዮናይት፣ ካትፑቺን፣ ካናጋዋና ናይትፎክስ ያልተያዘ መስኮትን የሚያደበዝዝ ኦፕሽን በውስጣቸው አላቸው፤ ሲመጡ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ብታበራው የቲም ለውጡም፣ የጠርዙም ጣጣ አብዛኛው ይቀርልሃል፤ ቀለሙን የሚያስቀምጠው ቲሙ ራሱ ነውና። ፕለጊኑን ሳታወጣ ግን አታብራው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ መስኮቱ ሁለት ጊዜ ይጠቁራል፤ ያኔ ምርመራው ሀ ተብሎ ይጀመራል። ቲምህ ይህ ኦፕሽን ከሌለው በከለርስኪም ክስተት ላይ ኖርማል-ኤንሲን የሚቀባ አንድ አውቶኮማንድ ጻፍ፤ ሦስቱን የጠርዝ ግሩፖችም እዚያው ውስጥ ባዶ አድርጋቸው። ፍጥነት ላይ የሚያመጣው ጫና የለም። ኒዮቪም ለማንኛውም የሚሠራውን ነው የሚሠራው።

ፊደሉንም ካላደበዘዝኩ የምትል ከሆነ ቲንት ይሁንልህ፤ ግን አታክርረው። ያልተያዘ መስኮት ማለት የማይነበብ መስኮት ማለት አይደለም። አንዱ ጋ ቴስቱ ይሮጣል፣ ሌላው ጋ የምትጠራው ፈንክሽን ተከፍቶ አለ፤ አንተ እያየሃቸው ነው እዚህ የምትጽፈው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ የንፅፅር መጠን 4.5 ለ 1 ነው። በብዙ ቲሞች ላይ ኮሜንት ገና ሳይደበዝዝ ከዚህ በታች ነው። እሱን እንደገና ስታጠቁረው ዓይንህን እያጨናበስክ ነው ወደ ስክሪኑ የምትጠጋው። ጀርባውን ብቻ መቀየር የሚበቃ ይመስለኛል።

ምናልባት ደግሞ ማደብዘዝ የፈለግከው ሌላ ነገር ስለጠፋብህ ሊሆን ይችላል። ከ0.7 ወዲህ «ላስትስታተስ»ን 3 አድርጎ ለሁሉም መስኮት አንድ የጋራ ስታተስ ላይን መጠቀም ተለምዷል። ያምራል። ነገር ግን በየመስኮቱ ሥር የነበረውና የትኛው እንደተያዘ የሚናገረው መስመር አብሮ ሄደ። ያንተም ኮንፊግ እንዲህ ከሆነ ለአንድ ቀን ወደ 2 መልሰውና ሞክረው። ማደብዘዙ ራሱ ላያስፈልግህ ይችላል።

ኒዮቪም በወጣበት በተራው ቪም ለምትሠሩ፣ እስካሁን ያልኩት እንዳለ አይሠራላችሁም። እዚያ «ዊንከለር» የሚባል ኦፕሽን አለ፤ ለአንድ መስኮት ከኖርማል ሌላ ግሩፕ ይሰጣል። መስኮት ስትቀያይሩ በአውቶኮማንድ እሱን መቀያየር ትችላላችሁ። ዲምኢንአክቲቭ የሚባለው የቆየ ፕለጊን ደግሞ የሚሠራው «ከለርኮለም» በሚለው ኦፕሽን ነው። እሱ ከ256 ዓምድ በላይ አይቀባም፤ በጣም ሰፊ ስክሪን ላይ ቀኝ ጫፉ ሳይጠቁር ቢቀር አትደነቁ። ኢማክስ በሚባለው ሌላ ኤዲተር ላይ ዲመር የተባለውን ፕለጊን የምትጠቀሙ ደግሞ እሱ የሚያደበዝዘው በፈርን (የተከፈተውን ፋይል) እንጂ መስኮትን አይደለም። አንድ ፋይል በሁለት መስኮት ከከፈታችሁ ሁለቱም አብረው ይበራሉ፤ በዲመር ሴቲንግ የሚስተካከል ነገር አይደለም።